ከመስኮቴ ሥር ያለችው ቆራጣ ዓሣ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

የጎመን ሾርባ። ጨው በዛበት። ከወጥ ቤቴ መስኮት ሥር የነበረችውን የኒዮን ዓሣ፣ የድሮውን የሱቅ የመብራት ምልክት፣ ዛሬ አወረዷት። ሠላሳ ዓመት በርታ ስለማታውቅ ማንም አላለቀሰላትም። ታች ድሮ ዓሣ መሸጫ ነበር፤ አሁን ጢማም ልጆች መራራ ቢራ ይሸጡበታል። በምትኳ የኤልኢዲ ዓሣ ይሰቅላሉ አሉ። የነዋሪዎቹ ሰብሳቢ ሴቬሪን ደረጃ ላይ አገኘኝ። «ሉድቪካ፣ ባልሽ የሠራት ዓሣ ከሙታን ልትነሣልሽ ነው!» አለና ሳቀ። ብቻውን።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

ከቤተ መጻሕፍት ስለ ጋዞች የሚያወራ መጽሐፍ ተዋስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አንሶላ ስተኩስ የኖርኩ ሴት፣ ምን ቤት ነኝ? ግን ገባኝ። ኒዮን ከማንም ጋር የማይቀላቀል ጋዝ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ብቻውን ይቀመጥና ኤሌክትሪክ ሲነካው ይቀላል። እንደ አማቴ። ኤልኢዲ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ደረቅ ነገር ናት። በመቶ የሚቆጠሩትን ደርድረው ፕላስቲክ ያለብሷቸዋል። አትሰበርም ይላል መጽሐፉ፣ እንደ ምስጋና። አትሰበርም... ያኔ ብትኖር ኖሮስ?

ባሌ ሮሙአልድ ብርጭቆውን በእሳት ያለሰልስና የላስቲክ ቱቦ በአፉ ይዞ እየነፋ ያጥፈው ነበር። ከንፈሩ ሁልጊዜ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። መሳም ሲባል እንዲህ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

በራች። ቀይ፣ ንጹሕ፣ ድምፅ የላትም። ግን የምታምረው ከፊት ላያት ብቻ ነው። ከላይ፣ ከእኔ መስኮት፣ የላስቲክ ቱቦ ናት። የድሮዋ በሁሉም ጎኗ ነበር የምትበራው፤ የወጥ ቤቴ ጣሪያ ሳይቀር ይቀላ ነበር።

ደግሞ... ጭራ የላትም።

ወረድኩ። የሠራቻት ልጅ ካያ ትባላለች። ፀጉሯ አረንጓዴ ነው።

«ልጄ፣ ጭራዋስ?»

«ቆራጣዋ እኮ ናት፣ እማማ! ከድሮ ፎቶ ላይ ነው የቀዳናት፤ አንድ ሚሊ ሜትር አልሳትንም።»

«ስትሠራ ጭራ ነበራት።»

«አውቃለሁ! ባለሙያው አበላሽቶት ነው የተሰነጠቀው። ጽፈነዋል። አያምርም ስህተቱ?»

የናስ ሰሌዳ አሳየችኝ። «በባለሙያው በሮሙአልድ ኮሲባ ስህተት ጭራዋን ያጣች፣ የሉብሊን ከተማ የወደዳት ዓሣ።» ኖቬምበር 8 ይመረቃል።

ኤልኢዲ ሃምሳ ሺህ ሰዓት ያገለግላል ይላል መጽሐፉ። ሃምሳ ሺህ ሰዓት ውሸት...

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ልጻፈው። ማን ያነበዋል?

1978። መተኮሻ ቤት ወሬ ከአንሶላው ቀድሞ ነበር የሚደርሰው። «ባልሽ ዓሣ ቤቱ መሰላል ላይ ነው የሚውለው» አሉኝ። «መሰላሉን ኢርሚና ትይዝለታለች።» ኢርሚና ሻጯ ናት፤ ደረቷ ከባንኮኒው ቀድሞ ሰላም ይላል። ቀትር ላይ የመጥረጊያውን እንጨት በመስኮት አወጣሁና የዓሣዋን ጭራ... አንዴ ብቻ። እንቁላል እንደ መስበር ነበር።

መርማሪዎች መጡ። «የሥራ ጉድለት፤ ብርጭቆው በራሱ ተሰንጥቋል» ብለው ጻፉ። ዋርሶ ላይ ለአንድ ትልቅ መደብር ኒዮን እንዲሠራ ተመርጦ ነበር። ቀረ። ቴርሞሜትር ፋብሪካ ላኩት። ጡረታ እስኪወጣ ቴርሞሜትር። በዚያው ሰሞን አዲስ ጭራ ሠርቶላት ነበር፤ «አያስፈልግም» አሉት። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋችን ሥር ከተተው። አንድም ቀን ስለሱ አላወራም። እኔም ዝም። አርባ ስድስት ዓመት ዙሪያውን ጠረግሁ። በዚያው መጥረጊያ። ጫፉ ተቀይሯል፣ እንጨቱ ያው ነው።

አርብ፣ ኖቬምበር 1

የቅዱሳን ሁሉ ቀን። መቃብር ሄድኩ። ለሮሙአልድ የሰም መብራት አበራሁለት። ጎረቤቱ ላይ በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ ሻማ አስቀምጠዋል፤ ስቅ እንደያዘው ሰው ይርገበገባል። ሮሙአልድ ቢያይ ሌላ መቃብር ቀይሩልኝ ይል ነበር።

ኢርሚና ከነከዘራዋ መጣች።

«ሉድቪካ! አለሽ እንዴ አንቺ?»

«ኢርሚና... ስለ ዓሣዋ ጭራ...»

«መጥረጊያው አረንጓዴ ነበር» አለችኝ።

ክብሪቱን ኪሴ ከተትኩ።

«በሱቁ መስታወት አየሁሽ። ለመርማሪዎቹ ርግብ ነው አልኳቸው። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ርግብ የለም ብለው አላመኑኝም።»

«ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«የካርፑ ጉዳይ እንዲወጣብኝ?»

«የምን ካርፕ?»

«አንቺ ሞኝ! ባልሽ ማቀዝቀዣዬን ይጠግንልኛል፣ እኔ ለገና ዋዜማ ካርፕ ዓሣ ከባንኮኒ ሥር እደብቅለታለሁ። ከተማው በሙሉ ለዓሣ ሲሰለፍ፣ የአንቺ ገበታ ላይ ዋኝቶ የመጣ መሰለሽ?»

የሰም መብራቱን ክዳን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁ።

«ውሽማውን በየገናው ስትበያት ኖረሻል» አለችና እንደ ፈረስ ሳቀች። መቃብር መሃል! ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ካርፕ... በካርፕ ነው ያንን ሰው ለቴርሞሜትር የዳረግሁት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

የነዋሪዎች ስብሰባ። አጀንዳ፦ ሊፍት፣ ቆሻሻ፣ ዓሣ። እዚህ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። እጄን ሳወጣ ሴቬሪን በረደኝ ያልኩ መስሎት መስኮቱን ዘጋ። እንደገና አወጣሁ።

«ጭራዋን የሰበርኩት እኔ ነኝ። በመጥረጊያ። የባሌን ስህተት ከሰሌዳው ላይ አንሡ።»



«መቼ ነው?» ሴቬሪን።

«በ1978።»

«እንግዲህ ለኢንሹራንስ ጊዜው አልፏል...»

«ለምን ሰበሩት፣ እማማ?» አለች ለዓሣዋ ጉዳይ የተጠራችው ካያ።

«ቀንቼ። በካርፕ።»

ሴቬሪን ራሱን አከከ። «ቢሆንም ብርጭቆው ከመጀመሪያው ደካማ ቢሆንስ? ደህና ሥራ በሴት መጥረጊያ ይሰበራል?» ላሳይህ ብዬ ተነሣሁ። ሁለተኛው ጭራ አልጋዬ ሥር እንዳለ ነገርኳቸው። አራት ሰዎች መኝታ ቤቴ ወለል ላይ በሆዳቸው ተኙ። ከሮሙአልድ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ግርግር አይቶ አያውቅም።

ካያ ጭራውን እንደ ሕፃን አቀፈችው። «እማማ፣ በደንብ ካልተዘጋ ጋዙ እስካሁን አምልጧል። አይበራም።»

እሱንም ሳነብ ነው የከረምኩት። አንዲት ስንጥቅ ካለችበት አለቀ። ካልበራ መርማሪዎቹ ልክ ነበሩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

በጠዋት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ትራንስፎርመር ይዞ መጣ። ቢራ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጭራውን አገናኘው። ኢርሚና ሳትጠራ መጥታ ወንበር ይዛለች። ሴቬሪን እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

ማብሪያውን ተጫነው። ምንም።

«ኧረ ቆይ» አለች ኢርሚና፣ «ሮሙአልድም መሰላሉ ላይ አንቀላፍቶ ሲነቃ እንዲሁ ነበር።»

ዳር ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ... ጨለመ... ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀላ። ጠረጴዛው ቀላ፣ የሴቬሪን ራሰ በራ ቀላ።

«እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። «ማነው የሠራው?»

ሁሉም እኔን አዩኝ። «ባሌ» አልኩ። አፌ ውስጥ ላስቲክ ላስቲክ አለኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ካያ ሰሌዳውን በአዲስ ቀየረችው፦ «ሮሙአልድ ኮሲባ ሠራት። ሚስቱ ሉድቪካ ጭራዋን ሰበረችው። ይህ እሱ የሠራው ሁለተኛው ጭራ ነው።» ሰዎች ፎቶ እያነሡ ወደ መስኮቴ ያንጋጥጣሉ። አንዱ በእጁ ሰላም አለኝ። መለስኩለት። ሌላ ምን ላድርግ?

አካሏ ኤልኢዲ፣ ጭራዋ ኒዮን። ቀለማቸው አይገጥምም፤ ካያ ዓይኗን እያሸች ታየዋለች። ዓሣዋ ዝም፣ ጭራዋ ዝዝዝ... ሮሙአልድ ጢሙን ሲላጭ እንደሚያንጎራጉረው። የጣሪያዬ ግማሹ ቀይ ነው። ኢርሚና ለገና ዋዜማ ካርፕ ይዤ እመጣለሁ ብላለች። እንዳትሰለፊ አልኳት።

ዛሬ ታች አንዲት ቆንጆ ሴት ቆማ ጭራውን እያየች ቆየች። በጣም ቆየች... መጥረጊያውን ከወጥ ቤቱ መስኮት አርቄ ኮሪደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ለማንኛውም።