እምዬ «አላየሁትም» ያለች ዕለት

ይድረስ ለወንድሜ ለአበረ፣ ጁባ።

አበረዋ፣ እንዴት ሰነበትህልኝ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሥራውስ፣ ወገብህስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጤፉም ደርሶ አጨዳ ይዘናል።

እምዬ ታማ ዳንግላ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር በስልክ ሰምተሃል። የቀረውን ግን ኔትወርኩ እየቆረጠ አይወራምና የአገራችን ልጅ ይኸነው ወደ አንተ ሲመጣ ጽፌ በእጁ ላክሁልህ።

እምዬ ራሷን ስታ ቆይታ ስትነቃ፣ «እግዚአብሔርን አየሁት፤ ብርሃን ነው» አለች። የእኔ አፍ መች ያርፋል፣ ለጎረቤት አወራሁት። ከዚያ ወዲያማ ምን ልበልህ! ከአዲስ ቅዳም ከተማ ድረስ ሰው እየመጣ ደጃችንን አጣበበው። አንዱ ዳብሺኝ፣ ሌላው መርቂኝ ይላታል። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ሰው ናትና።

ነገሩ የከፋው ጎረቤታችን የሻረግ ስትመጣ ነው። ልጇ ሶስና ሳንባዋን ታማ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀምራ ነበር። የሻረግ እሱን አስጥላ፣ «አንቺ ፊቱን አይተሻል፤ እጅሽ ይበቃታል» ብላ ልጅቱን እምዬ ጭን ላይ አስተኛቻት። ሶስና ትንፋሽ ሲያጥራት እምዬ ክው አለች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ ቄስ አድማሴ ሄደች።

ቄሱ አልተቆጧትም። ሙሴ እንኳ ፊቱን ልይ ብሎ እንደ ተከለከለ፣ ያየ ሰው በሕይወት እንደማይኖር ከመጽሐፉ አነበቡላት። «ታዲያ ልባቸው የነጻ ያዩታል የሚለውስ?» ብትላቸው፣ «እሱ የወዲያኛው ዓለም ተስፋችን ነው» አሏት። ተመልሳ ለየሻረግ ብትነግራት፣ «ይኼማ ትሕትናሽ ነው!» ብላ እምቢ አለቻት።

በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነበር፤ ማኅበሩ በእኛ ተራ። ማኅበርተኛው እምዬን ከቄሱ ጎን ሊያስቀምጣት ቦታ ለቆ ይጠብቃል። እሷ ግን ጽዋው ሳይዞር መካከል ቆመች። «ወገኖቼ፣ ተሳስቼ አሳሳትኋችሁ። ፊቱን ያየ በሕይወት አይኖርም ይላል ቃሉ፤ እኔ ይኸው ቆሜ ጠላ እቀዳላችኋለሁ። እንግዲያው አላየሁትም! ያ ብርሃን የምሕረቱ ይሁን የትኩሳቴ፣ እሱ ያውቃል። የሻረግ፣ ልጅቱን አምጪልኝ» አለች።

አንዳንዱ ቅር አለው፣ ይበለው! እኔስ በኩራት ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። የተሰጠውን ክብር በገዛ እጁ የሚመልስ ማን አለ? የአንተና የእኔ እናት አለች! እንግዳ ትታ ሶስናን ታቅፋ ጤና ጣቢያ ልታደርሳት ጋሪ ላይ ወጣች፤ የሻረግም እያለቀሰች ተከተለቻት። አሁን ልጅቱ መድኃኒቷን ይዛለች፤ ሳሉም ቀለል ብሎላታል።

ባለቤቴ ሀብቱ ናፍቆኛል ይልሃል። ልጄ ዋጋዬ ኳስ አትርሳ ብሏል። የሻረግና ሶስናም ሰላም ብለውሃል።

እምዬ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አለች፦ «የእሱን ፊት በጊዜው አያለሁ። የልጄን ፊት ግን አይቶ መኖር ይቻላልና ለጥምቀት ይምጣልኝ።»

እህትህ ማናለብሽ
ግምጃ ቤት፣ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.