ባውዛውን ያጥፉልኝ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባዬ? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ? የእማዬ ወገብ ተሻለው ወይ? ዶሮዎቹንስ ያ የጎረቤት ድመት ፈጃቸው ወይስ የተረፈ አለ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ይባላልና። ዘንድሮ ግን ሌላም የጎደለኝ ነገር አለ። በምን ፊቴ እንደምጽፍልዎ ሳስብ ስንት እሑድ አለፈኝ። በስልክ ልነግርዎ አስቤም ሳልደውል ቀረሁ።

ይህን የምታነብልዎ ታናሽ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። አንቺ ልጅ፣ ያልጣመሽን መስመር እየዘለልሽ የማንበብ ልማድሽን ለዛሬ ተይው። ስላንቺም የተጻፈ አለና ሳትቆርጪ ሳትቀጥዪ አንብቢላቸው።

ሥራዬ ደህና ነው። አሁንም የምሠራው ከረጅሙ ጋር ነው። ረጅሙ ማለት ያ መሰላል ሳይፈልግ አምፖል ይቀይራል ያልኩዎት የሥራ ባልደረባዬ ነው። የሱቅ ማስታወቂያ እንሠራለን፤ በየሕንፃው ግንባር ላይም ባውዛ እንሰቅላለን። በቀደም አንድ መድኃኒት ቤት በር ላይ ሁለት ሰቅለን ገና ከመሰላል ሳንወርድ፣ ፊት ለፊት ያለው ጫማ ሻጭ ወጥቶ ሲያይ ቆየና “ለእኔ ደግሞ አራት ስቀሉልኝ፤ የእሱ ብርሃን ሱቄን አጨለመው” አለን። ሰቀልንለት። በማግስቱ ባለ መድኃኒት ቤቱ ደወለ። ረጅሙ “እነዚህ ሰዎች ተያይዘው እስኪታወሩ ድረስ እኛ እንጀራ አለን” እያለ ይስቃል።

እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ከመስኮቷ ትይዩ የምንጣፍ መደብር አለ፤ የመደብሩ ባውዛ የገዛ እጄ ሥራ ነው። ሲመሽ ግድግዳዬ ላይ እንደ ቀትር ፀሐይ ያፈጥጥብኛል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ እሱም አልበቃ ብሎኝ ፊቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ነው የምተኛው። ከቤት ወጥቶ ቀና ቢሉ ደግሞ ከላይ ያለው የእጣቢ ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ጨረቃዋን አንዳንዴ አያታለሁ፤ ኮከብ ግን የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈልጌው አላውቅም። ቀና የምለው ሽቦ ለመሳብ ብቻ ነው።

እንግዲህ አባዬ፣ እኔ ብርድ ልብስ ሰቅዬ የምሸሸውን ነገር ነው ለእርስዎ ጠቅልዬ በስጦታ የላክሁት።

ለምን እንደላክሁትም ልንገርዎ። በጨለማ እንዳትደናቀፉ ብዬ ነው ያልኩዎት ሰበብ ነበር። የባለ ወፍጮው ልጅ ለአባቱ ቤት ባለ ቀለም ቆርቆሮ ልኮ ሰው ሁሉ ሲያወራለት ሰምቼ ቅናት አንጀቴን በላኝ። ቆርቆሮ ሲመሽ አይታይም፤ ባውዛ ግን ከማዶ ይታያል አልሁ። ከጣሪያው በላይ ምሰሶ አቁሙለት፣ ፊቱንም ወደ መንገዱ ቀና አድርጉት ብዬ ያዘዝኋችሁ ለዚሁ ነው። የሙያው ሰው ነኝና አላወቅሁም ማለት አልችልም፤ ለግቢያችሁ ሳይሆን ለሰው ወሬ ነው ያበራሁት። ባለ ወፍጮው መንገድ ላይ አስቁሞ “ልጅህ ቀን አወጣልህ” እንዳለዎት የነገሩኝ ዕለት ደስታዬን አልቻልሁትም ነበር።

ባለፈው ስደውል ድምፅዎ ደከም ቢልብኝ “ጉንፋን ነው” አሉኝ። ስለ ባውዛው ስጠይቅዎ “ተባረክ፣ ሌሊቱን ቀን አደረግኸው” ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን አጣጥሜ ሳልጨርስ እህቴ ስልኩን ተቀብላ ጓሮ ገባችና ጉዱን ዘረገፈችው። ጉንፋን አይደለም አለች። ከእራት በኋላ ከዘራዎን ይዘው፣ ከወፍጮ ቤቱ ባሻገር ብርሃኑ እስከማይደርስበት ድረስ እንደሚሄዱ፣ ሲመለሱም ቦይ ውስጥ ወድቀው ቁርጭምጭሚትዎ እንዳበጠ ነገረችኝ። ምን ሊያደርጉ ይሄዳሉ ብላት “ኮከብ ሊያዩ ነዋ! እዚህማ አንተ መቼ አስተረፍህላቸው” አለችኝ።

ታዲያ ማጥፊያው እጃችሁ ላይ አይደለም ወይ አልኋት። ለካ እማዬ አንድ ማታ ልታጠፋው ስትነሣ እርስዎ “ተይ፣ ልጄ የሰጠኝን ብርሃን በገዛ እጄ አላጠፋም፤ ሰው ቢያይስ ምን ይላል?” ብለው ከልክለዋታል።

እኔም አላርፍ ብዬ ትልልቆቹ ኮከቦች እኮ ባውዛ ቢኖርም ይታያሉ ብዬ ተከራከርኋት። “ትልልቆቹንማ ያያሉ” አለችኝ፤ “የወንድም ጋሼንም የእኔንም ከደጃፍ ቆመው ያያሉ። የጠፋችባቸው ያንተዋ ናት።”

ስንወለድ ለእያንዳንዳችን ኮከብ እንደመደቡልን አልረሳሁም። ወንድም ጋሼ እንደ ልማዱ ትልቁን ወሰደ፤ ለእኔ ያቺ ፈዛዛዋ ደረሰችኝ። ባለቅስ ጊዜ “አንተም ዓይነ አፋር ነህ፣ እሷም ዓይነ አፋር ናት፤ ትስማማላችሁ” ብለው ሳቁብኝ። እኔ የልጅ ማባበያ መስሎኝ ነበር። ከተለየኋችሁ ወዲህ ማታ ማታ እየወጡ እሷን ፈልገው “ይኸው፣ ደህና ነው” ብለው ገብተው እንደሚተኙ እህቴ እስክትነግረኝ ድረስ አላወቅሁም ነበር።

አፈርሁ አባዬ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። በማግስቱ ረጅሙ ምን ሆነሃል ቢለኝ ነገርሁት። በሁሉ ነገር የሚቀልደው ሰውዬ አልቀለደም። አጎንብሶ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ የአምፖል ቆብ መሥራት ጀመረ።

አሁን የምለምንዎ ይህን ነው፤ ባውዛውን ያጥፉልኝ። ለእማዬ የደጃፍ የምትሆን ትንሽ አምፖል ልኬያለሁ፤ የረጅሙ ቆብ አለላት። ታዛው ሥር ቁልቁል ትሰቀል፤ መሬት መሬቱን ብቻ ታበራለች፤ ሥራ ስትጨርሱም ትጥፋ። ሰው ባውዛው ምን ሆነ ብሎ ቢጠይቅዎ መቼም ተቃጠለ ብለው ገመናዬን ሊሸፍኑ ነው፤ አውቅዎታለሁ። እባክዎ እንዲያ አይበሉ። ልጄ ለጉራው ልኮት ኖሮ አፍሮ አጥፉት አለን ይበሉ። ለባለ ወፍጮው ሳይቀር እንዲሁ ይንገሩት። ይከብደኛል፤ ቢሆንም ይንገሩት።

እማዬን ሳሙልኝ፤ ያኔ አጥፍተሽው ቢሆን ደግ ባደረግሽ ነበር በሏት። ወንድም ጋሼን ከነባለቤቱ፣ ልጆቹንም በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። አንቺም እህቴ፣ በሆዴ ወሬ አቀባይ ብዬሽ ነበርና ይቅር በዪኝ፤ ባትነግሪኝ ኖሮ ገና ሌላ ባውዛ ልጨምር ነበር።

እርስዎ ግን አባዬ፣ እግርዎ እስኪድን ከደጃፍዎ አይራቁ። ባውዛው እንደጠፋ ወዲያው ባያገኙኝ አይደንግጡ፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ፈዛዛ ኮከብ ደግሞ እንደሚያውቁት ፊት ለፊት ሲያዩት ይሰወራል፤ ጎን ጎኑን ሲያዩ ነው ብቅ የሚለው። ለጊዜው እኔንም እንደዚያው ይዩኝ፤ ፊት ለፊት ለመታየት ገና አፍራለሁ።

ልጅዎ

ከምንጣፍ መደብሩ ትይዩ፣ ከሦስተኛው ፎቅ
ጥር ፲፱ ቀን