አምጪ፣ እኔ ልክተፍልሽ

ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀጀር አብዱልናስር
ዱባይ

የኔ ዓለም፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ያለሽበት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ አይሰማኝም።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ አትድከሚ። እኔው ነኝ። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። የማታ ትምህርቱን ባለፈው ወር ጨረስኩ። መምህርት ሮሃ የምስክር ወረቀቴን ስትሰጠኝ "አባባ አብዱልናስር፣ በወሬ አንደኛ፣ በንባብ ሁለተኛ" አለችኝ። አንደኛ የወጣችው ሴትዮ መነጽር አላት፤ መነጽር አድርጎ መፈተን ደግሞ እኔ እንደ ማጭበርበር ነው የማየው። አሁን ተራ ሳስከብር የታክሲውን ታፔላ አንብቤ ነው የምጠራው። ድሮ የሾፌሩን ፊት አይቼ ነበር። ሾፌሮቹ "ፕሮፌሰር" ይሉኛል። አልተቃወምኩም።

የጻፍኩልሽ ግን ፊደሌን ላሳይሽ ብቻ አይደለም። ሰኞ በላክሽልኝ የድምፅ መልእክት "አባ፣ ፀጉር ቤቱ ለሦስት ዓመት ውል ሊያድስልኝ ነው፤ በወሩ መጨረሻ እፈርማለሁ። ትወናው በቃኝ። ዕድሜ ልኬን ለሌላ ሰው በር ስከፍት ነው የኖርኩት" ያልሽውን ሰምቻለሁ። መልስ ሳልሰጥሽ ሳምንት ሊሞላ ነው። አባትሽ ሳምንት ሙሉ ዝም ማለቱ ራሱ ሬዲዮ ላይ መነገር ያለበት ዜና ነው። ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነበር። አሁንም ጠፍቶኛል፤ ግን ትናንት ያየሁትን ሳልነግርሽ ብትፈርሚ ይቆጨኛል።

በር መክፈትሽን እንኳ ማን እንደኔ ያውቃል? የመጀመሪያው ፊልምሽ ላይ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርሽ። ቁልፍ ሰጠሽ፣ "መልካም ቆይታ" አልሽ፣ አለቀ። እኔ ግን ስንት ቀን ሙሉ ተሳፋሪውን ሁሉ "መልካም ቆይታ" እያልኩ ነው ታክሲ ውስጥ የከተትኩት። ቀጥሎ ትሪ የምትጥል የቤት ሠራተኛ ሆንሽ። ቀጥሎ የሙሽራ ሚዜ። ቀጥሎ ፖሊስ፤ ያቺን እንኳ ተራ ለሚሰርቁ ሾፌሮች "ልጄ ፖሊስ ናት" ብዬ ተጠቅሜባታለሁ። የቴሌቪዥኑ ድራማ ላይ ነርስ ስትሆኚማ፣ ጎረቤታችን እትዬ ተናኜ የደም ግፊቷን እንድትለኪላት ቤት ድረስ አልመጣችም? "እትዬ፣ እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ" ብትያት "አውቃለሁ፣ ግን እጅሽ ቀላል ነው" ብላ ክንዷን ዘረጋችልሽ።

ሰው ሁሉ መልክሽን ያውቃል፣ ስምሽን አያውቅም። ታክሲ ውስጥ "ያቺ እንኳ… ያቺ ነርሷ…" ሲባባሉ ስሰማ በመስኮት አንገቴን አስገብቼ ስምሽን የምነግራቸው እኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሐሙስ ዕለት ዓለምሰገድ፣ ዳይሬክተሩ፣ ታክሲ ተራው ድረስ መጣ። ከመሄድሽ በፊት የቀረጻችሁት ፊልም ቅዳሜ ከሰዓት ቦሌ ሲኒማ ቤት ሊታይ ነው አለኝ። ስልኩን እንደማታነሺለትም ነገረኝ።

"ኔትወርክ ነው" አልኩት።

"ስምንት ወር ሙሉ?"

"የዱባይን ኔትወርክ አታውቀውም።"

የጥሪ ካርድ ሰጠኝ። እዚያው ሾፌሮቹ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ አዳራሹንም፣ ሰዓቱንም፣ "ሕፃናት ይዞ መግባት ክልክል ነው" የሚለውንም። ሃይደር፣ የአንዱ ታክሲ ረዳት፣ "እስቲ ድገመው" አለኝ። ሊፈትነኝ ነው። ደገምኩለት።

ካርዱ ለሁለት ሰው ነው የሚለው። እትዬ ተናኜን ይዤ ሄድኩ። አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ቆሎ ደብቃ መጣች። እኔ ሱፌን ለበስኩ። በር ላይ የቆመው ልጅ "የማን እንግዳ ናችሁ?" ሲለን "እኔ የሀጀር አብዱልናስር አባት ነኝ፤ እሷ ደግሞ የግፊት ታካሚዋ ናት" አልኩት። ግራ ገብቶት አስገባን።

ሀጀርዬ፣ ሸራው የኛን ግቢ ከነአጥሩ ያህላል። ቤታችን ባለው ቴሌቪዥን የአንቺ ፊት ክብሪት ቀፎ ያህል ነበር፤ እሱንም ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያየው ማን አሳይቶኝ። መብራቱ ጠፋ። ዋናዋ ልጅ አፈቀረች፣ ተጣላች፣ ታረቀች፣ ሾፌር አገባች፣ ወለደች፣ ባሏ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ። አንቺ የለሽም። እትዬ ተናኜ በየመሀሉ በክርኗ እየጎሰመች "መቼ ነው የምትመጣው?" ትለኛለች። ከኋላችን አንዱ "እሽሽ!" አለን። "ልጄን እየጠበቅሁ ነው፣ ወንድሜ" አልኩት።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

ዋናዋ ልጅ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ነው። ድስቱ እሳት ላይ ነው። አንቺ ገባሽ። ጎረቤት ነሽ። ደፍ ላይ ቆም ብለሽ አየሻት፤ ከዚያ ፈገግ አልሽና "ዓይንሽን አቃጠለሽ አይደል? አምጪ፣ እኔ ልክተፍልሽ" ብለሽ ቢላዋውን ከእጇ ወሰድሽ።

ቢላዋውን ወሰድሽ፣ ሀጀርዬ።

ድንች ጥብስ ሲኮረሽም የነበረው ሁሉ ጉንጩ እንደተሞላ ቀረ። ሸራው ላይ "ሞተ" የሚል ቃል አልወጣም፤ ግን ከኋላዬ አንዲት ሴት "ወይኔ!" አለች። አዳራሹ በሙሉ መርዶ መሆኑን አወቀ። መርዶ ይዞ የሚሄድ ሰው ስለቱን ሳያርቅ፣ እሳቱን ሳያጠፋ አፉን እንደማይከፍት የማያውቅ እዚያ ውስጥ ማን አለ? ያላወቀችው ያቺ ልጅ ብቻ ናት። አንቺ ድስቱን አወረድሽ። እሳቱን አጠፋሽ። ከጎኗ ተጠግተሽ ተቀመጥሽ። ይኼኔ እትዬ ተናኜ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣

"ልጁንስ! ልጁንም ውሰጂላት እንጂ!" ብላ ጮኸች።

ሰዉ ሊስቅ ነበር። ሳቁ ሲጀማምር ሰምቻለሁ። እኔም ላፍርባት ነበር። ግን በዚያችው ቅጽበት አንቺ፣ ልክ እንደሰማሻት ሁሉ፣ እጅሽን ዘርግተሽ ሕፃኑን ከጭኗ ላይ አነሳሽው። ሳቁ ተቆረጠ። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ሲይዝ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ጁምዓ ሶላት ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ አላውቅም፤ አንዱ ይስላል። እዚህ የሚስልም አልነበረም። አንቺ ሕፃኑን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ዝም ብለሽ አየሻት። ያቺም ባዶ እጇን አየች። አወቀች።

ያ "አምጪ፣ እኔ ልክተፍልሽ" የሚል ቃል ከየት እንደመጣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የምናውቅ እኔና እትዬ ተናኜ ብቻ ነን። እናትሽ ሐሚዳ ለእህቷ ሰርግ ሐይቅ ከተማ ሄዳ መኪናው የተገለበጠ ጊዜ፣ አንቺ ገና ዐሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ለምሳ ሽንኩርት ትከትፊ ነበር። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ የአንዱን ሾፌር ወሬ እያወራሁልሽ እስቅ ነበር። እትዬ ተናኜ ገባች። "ሀጀርዬ፣ ዓይንሽን አቃጠለሽ አይደል? አምጪ፣ እኔ ልክተፍልሽ" አለች። ቡታጋዙን አጠፋች። ትኩሱን ሻይ ከእጄ ወሰደች፤ እኔ ጅሉ "ሻዬን እንኳ አታስጨርሺኝም?" ብዬ ቀለድኩባት። ከኋላዋ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺም እኔም አውርተነው አናውቅም። እኔ እስከ ትናንት ድረስ ልጄ ከራሷ ጩኸት በቀር ከዚያ ቀን ምንም አልያዘችም ብዬ ነበር የማስበው።

እትዬ ተናኜ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። "አብዱልናስር፣ ያኔ አይታኛለች" አለችኝ። "እኔ እኮ ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር።"

እኔ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባብኝ። የሲኒማ ቤቱ ቬንትሌተር ነው። ሁለቱም ዓይኔ ውስጥ ነው የገባው፤ እስከ መጨረሻው አልወጣልኝም። ለሐሚዳ ያኔ ሰው ፊት አላለቀስኩም፤ ሰው ሁሉ እንድቀልድ ይጠብቀኝ ነበርና ቀለድኩ። ይብቃ። ይህን አልጽፍም።

ፊልሙ ሲያልቅ ሰዉ ተነሳ። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። እትዬ ተናኜ "እንሂዳ" ብትለኝ "ቁጭ በይ፣ ላነብ ነው" አልኳት። የመምህርት ሮሃ ፊደል ሰሌዳው ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ይኼኛው ይሮጣል! ዋናዎቹን አሳለፍኳቸው፤ እነሱን ሌላ ሰው ያንብባቸው። "ጎረቤት" የሚል መጣ። አጠገቡ ሀ፣ ጀ፣ ር። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ፣ ወላሂ አላሰብኩትም ነበር፣ የኔ ስም። እኔ ያንቺን ስም በየታክሲው ስዞርልሽ፣ አንቺ የኔን በየሸራው ስታዞሪው ኖረሻል። አንብቤ ሳልጨርሰው ጣሪያው ጋ ደርሶ ጠፋ። የሚጠርገው ሰውዬ መጥረጊያውን ተደግፎ ጠበቀን።

ውጭ ዓለምሰገድ አገኘን። ስክሪፕቱ ላይ ለጎረቤቷ ገጽ ሙሉ ንግግር ጽፎላት እንደነበረ ነገረኝ። "'ይኼ ሁሉ ቃል ምን ያደርጋል፤ ቢላዋውን ልውሰድባት' አለችኝ። ለዋናዋ ልጅ እንዳልነግርባትም ለመነችኝ። ያቺ የደነገጠችው የምሯን ነው። ይህን ማን አስተማራት?"

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ "እኔ ነኝ የጠራሁት" የምል ሰው ነኝ። ይህን ግን የኔ ነው አላልኩም። እትዬ ተናኜም መሬት መሬቱን ታያለች።

ከጥምቀት በኋላ ሃያ ሁለት ሰፈር የሚቀረጽ ተከታታይ ድራማ አለው። አከራይዋን እንድትሆኚለት ይፈልጋል። ዋና አይደለችም፤ እሱም አልዋሸኝ፣ እኔም አልዋሽሽም። በየክፍሉ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ በር ትከፍታለች። "ትመጣለች በለኝ" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ልጄ? ነገ ጠዋት ቦሌ ኤርፖርት ተቀበላት!" እለው ነበር። ትናንት ግን "አላውቅም፤ የምታውቀው እሷ ናት" አልኩት። እትዬ ተናኜ ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ነካችኝ።

አሁንም ነይም፣ ቅሪም አልልሽም። በተለይ ለኔ ብለሽ እንዳትመጪ። እኔ ደህና ነኝ። ምሳዬን እትዬ ተናኜ ጋ እበላለሁ፤ ለሰፈሩ ሰው ጋዜጣ አነብለታለሁ፣ ሳይለምነኝ። ፀጉር መሥራትም የተከበረ ሥራ ነው፤ ከፈረምሽ ስለ ዱባይ ሴቶች ሹሩባ ጉራዬን እቀጥላለሁ። ብቻ ስለ በሩ ያልሽው ነገር ልክ አይደለም። ዋናዋ ልጅ አለቀሰች፣ ደህና አድርጋ ነው ያለቀሰችው፣ አላህ ይባርካት። እኛ ግን ያለቀስነው ከሷ በፊት ነው፤ አንቺ በሩን ከፍተሽ ገብተሽ ፈገግ ስትዪ።

ያ ፈገግታ ነው የያዘኝ። ዛሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ የሰኞውን ድምፅሽን መልሼ ከፈትኩት። "ተመችቶኛል አባ፣ ደስ ብሎኛል፣ አብሽር" ትያለሽ። ስትስቂም ይሰማል። እስካሁን ይህን ሳቅ እየሰማሁ በሰላም ነበር የምተኛው። ትናንት ግን መርዶ ይዘሽ እንዴት ፈገግ እንደምትዪ አየሁ። ያቺ ልጅ አመነችሽ። እኔም ባላውቅ ኖሮ አምንሽ ነበር።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ጻፊልኝ። በድምፅ አትላኪው፤ በድምፅ አልችልሽም። በእጅሽ ጻፊው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ የሚያመልጠኝ ፊደል የለም። ደስ ብሎሽ ከሆነም ጻፊው፤ አምንሻለሁ።

አላህ እጅሽን ይባርክ፣ ያሰብሽውን ያቅናልሽ፣ በሰው አገር ሰው ያድርግልሽ። እትዬ ተናኜ በበኩሏ "እመቤቴ ከፊት ከኋላሽ ትሁን" ብላለች፤ እንዲህ ከሁለት ወገን ተመርቆ የሚጎዳ ሰው አላየሁም።

መልስሽን የሚጠብቅ አባትሽ፣
አብዱልናስር ሙኽታር