የወዳጅነትን በዓል የትውልድ ግቢ ለወዳጅነት ሲባል ስለማፍረስ

ለክቡር ዶን አናስታሲዮ ቬርዱን
የፖርቶ ሳን ቤኒልዶ ከተማ ከንቲባ

ክቡር ከንቲባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ ሰላም፣ ለጽሕፈት ቤትዎም በዚህ በጁላይ ብርድ የማይቋረጥ ማሞቂያ እመኛለሁ። በእኛ በወንዝ ዳሩ ሰፈር መብራት ከጠፋ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ በመሆኑ፣ ይህ የመጨረሻው ምኞቴ ከባዶ ጨዋነት ሳይሆን ከልብ የመነጨ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በዚህች ከተማ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት በዳኝነት ሳገለግል ለባለሥልጣን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት፣ አገራችን በየዓመቱ ጁላይ ሠላሳ የምታከብረው የወዳጅነት ቀን የተጀመረው በከተማችን መሆኑን ለዓለም ለማሳወቅ ክቡርነትዎ እያደረጉት ያለውን ጥረት ለማመስገን ነው። እንደሚታወቀው ይህን በዓል የራሷ የማታደርግ የወንዝ ዳር ከተማ የለችም። ይሁን እንጂ የእኔ ነው ለማለት ቡልዶዘር የተከራየ ከንቲባ ከክቡርነትዎ በቀር ስለ መኖሩ አልሰማሁም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረብን መርጫለሁ።

አንደኛ፣ ክቡርነትዎ ያቋቋሙት የበዓሉን አመጣጥ አጣሪ ኮሚሽን ሰማንያ አራት ገጽ ባለው፣ በባለ ቀለም ፎቶግራፍ በተዋበው ሪፖርቱ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ መሥራቾቹ በዚያ ታሪካዊ ማታ «ትኩስ ሶፓ በኩባያ እየጠጡ» በዓሉን እንዳወጁ ገልጾልናል። ከበቆሎ ዱቄት፣ ከአይብና ከሽንኩርት ጋግረን በቢላ እየቆረጥን የምንበላውን ሶፓ በኩባያ ለመጠጣት የቻሉ ሰዎች በዓል መመሥረት አይሳናቸውም። ኮሚሽኑ አንድ ቀን እንኳ ምሳውን በከተማችን በልቶ ቢሆን ኖሮ ይህን የመሰለ ግኝት ያመልጠን ነበር።

ሁለተኛ፣ የስውር ወዳጅ ጨዋታችንን ጽሕፈት ቤትዎ ተረክቦ ስላዘመነልን እናመሰግናለን። እስከ አምና ድረስ በጁላይ መጀመሪያ ስማችንን በወረቀት ጠቅልለን ከባርኔጣ ውስጥ እናወጣ፣ ስሙ እጃችን ለገባው ሰው ማን እንደ ሰጠው ሳያውቅ አንድ ሁለት መንደሪን ወይም አንድ ጥንድ ካልሲ በሩ ላይ እናስቀምጥ፣ በበዓሉ ዕለት ደግሞ ማንነታችንን ገልጠን እንተቃቀፍ ነበር። ዘንድሮ ዕጣውን ያወጣው ጽሕፈት ቤትዎ ሲሆን፣ ማን ለማን እንደ ደረሰ የሚገልጸው ዝርዝርም በግልጽነት መርህ መሠረት ማኅተም ተመትቶበት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ስውር ወዳጆቻችንን በፊደል ተራ ማግኘት መቻላችን ድካማችንን እጅግ ቀንሶታል። ከዚሁ ዝርዝር እንደተረዳሁት፣ የዶኛ ሩሚልዳ ኦሴዳ ስውር ወዳጅ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊው ኢንጂነር ዊልፍሪዶ ናቸው። ስጦታቸውም ባለፈው ሰኞ በፖሊስ እጅ ደርሷታል፤ ጁላይ ሃያ ስምንት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ቤቷን ለቅቃ እንድትወጣ የሚያዝዝ ወረቀት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ይኸው ወረቀት ነው፤ በእርሱ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፈቀድልኝ።

ዶኛ ሩሚልዳ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ከኤውሴቢያ በወረሰችው ግቢ ውስጥ አሁንም ለወደብ ሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ግቢው የሚፈርሰው ለወዳጅነት አደባባይ የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን ነው። አደባባዩ ራሱ ከማኅበራዊ ክለቡ ፊት ለፊት ይሠራል፤ በመካከሉም የመጀመሪያውን እራት የበሉ የአሥራ ሁለት የክለብ አባላት ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ይቆማል። አቤት ልትል ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በሄደች ጊዜ አብሬያት ስለ ነበርሁ፣ የተደረገላትን መልካም አቀባበል በዓይኔ አይቻለሁ። ፀሐፊው ቴሬሬ የምንለውን የቅጠል መጠጥ በቀዝቃዛ ውሃ እየሞላ ለባልደረቦቹ ካዞረ በኋላ ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ ለወዳጅነት እኮ ነው። እርስዎ ወዳጅነትን ይጠላሉ እንዴ?» አላት።

«ምን በወጣኝ ልጄ፤ ወዳጅነት የተጀመረ ማታ ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችው።

«ታዲያ ስምዎ ሪፖርቱ ላይ የለማ።»

«ሳህኖቹስ አሉበት?»

ፀሐፊው ሪፖርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገልብጦ ሳህኖቹም እንደሌሉ አረጋገጠላት። ለዚህ ትጋቱ የደረጃ ዕድገት እንደሚገባው በአክብሮት አሳስባለሁ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ከንቲባ፣ ምስጋናዬን ለጊዜው ገታ አድርጌ ስለ ራሴ ጥፋት መናገር አለብኝ። ኮሚሽኑ እራቱ በክለቡ አዳራሽ መበላቱን ያረጋገጠው በአንድ ሰነድ ብቻ ነው። ያ ሰነድ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት በፊርማዬና በማኅተሜ የሰጠሁት ምስክር ወረቀት ነው። ሰነዱ ሐሰት ነው።

የክለቡ ሊቀ መንበር የነበረው ባለ መድኃኒት ቤቱ ክሌቶ ባሬይሮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቅርብ ወዳጄ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ መካከል በዕድሜ ትንሹ እርሱ ነበር፤ የዚያን ማታ ነገር ደጋግሞ አጫውቶኛል። ዕቃ ጫኝዋ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ለክለቡ እራት የታሰበው ሁሉ ወንዙ ላይ ቀረ፤ በዚያው ቀን ለክለቡ መብራት የሚሰጠው የቆዳ ማልፊያ ፋብሪካው ሞተር ተበላሸ። ክራባት ያሰሩት አሥራ ሁለቱ ሰዎች ከጨለማው አዳራሽ ወጥተው የምግብ ሽታ እየተከተሉ ኤውሴቢያ ግቢ ደረሱ። እዚያ ጭነት አውራጆቹ ይበሉ ነበር፤ ያለውም አንድ ጠረጴዛ ነው። የፋብሪካው ዋና ጸሐፊ በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ፣ ሲክስቶ የተባለው ጭነት አውራጅ አፉን ሞልቶ እንደ ጎረሰ፣ «ዶን፣ ይጠጋሉ ወይስ ቆመው እንዲያጎርሱዎት ነው?» ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ተጠጋ። ለሁለት ዓመት ሰላም ተባብለው የማያውቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣበው በሉ። ሲወጡ ኤውሴቢያ ከበሩ ቆማ፣ «እንግዲህ የዛሬ ዓመት በዚችው ቀን ትመለሳላችሁ። ያኔ ግን ወንበራችሁን ተሸክማችሁ ኑ፤ መቀመጫ አሳጥታችሁኝ ቆሜ አጥንቴ አለቀ!» አለች። በዓመቱም ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ። በዓሉ የተጀመረው እንዲህ ነው። ንግግር ያደረገ፣ ጽዋ ያነሣ፣ ሶፓም የጠጣ ሰው አልነበረም።

ክሌቶ ይህንኑ እንዳለ በእጁ ጽፎ፣ በሕይወት የነበሩ አራት የእራቱ ታዳሚዎችን አስፈርሞ፣ እንዳረጋግጥለት አመጣልኝ። በሳምንቱ ግን ሌላ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። የክለቡ ቦርድ «ብሔራዊ በዓል ዶሮ ማደሪያ አጠገብ ሊወለድ አይችልም» ብሎ ወስኖ ነበር።

«ክሌቶ፣ ይሄ እኮ የነገርከኝ አይደለም» አልሁት።

«አውቃለሁ። ግን ክለቡ ጣሪያው ያፈሳል፤ ታሪካዊ ካልተባለ ማንም አይጠግንልንም።»

«እኔ እራቱ በተበላ ጊዜ ከተማውን እንኳ አላውቀውም ነበር።»

«ፈርም ባክህ! ስንቱን ያላየኸውን የድንበር ድንጋይ አይቻለሁ ብለህ ፈርመህ የለ? ደግሞ ማን ይጎዳል?»

ፈረምሁ። ለወዳጅ ብዬ ፈረምሁ፤ ማን ይጎዳል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱን ያገኘሁት ባለፈው ሰኞ፣ ዶኛ ሩሚልዳ ወረቀቱን ይዛ ደጄ ስትቆም ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «ዶን ሄርሚኒዮ፣ እርስዎ ማኅተም ነበረዎት፤ እኔ የነበረኝ የሳህን ጨርቅ ነው። ማንን ያምኑ ነበር?» አለችኝ። በችሎት ላይ ባሳለፍሁት ዘመን ሁሉ ይህን ያህል ያስጨነቀኝ መስቀለኛ ጥያቄ አልገጠመኝም።

አራተኛ፣ ክቡርነትዎ ባለፈው ማርች በራስዎ ፊርማ ስላወጡት የከተማ ደንብ እጅግ አመሰግናለሁ። የደንቡ አንቀጽ ሦስት «የወዳጅነት ቀን የመጀመሪያው እራት የተበላበት ቦታ በማናቸውም ምክንያት አይፈርስም፣ አይሸጥም፣ ለሌላ አገልግሎትም አይውልም» ይላል። በሕግ አረቃቀቅ ረገድ ከዚህ የጠራ አንቀጽ ከጽሕፈት ቤትዎ ሲወጣ አላየሁም፤ ክለቡን ለመጠበቅ ታስቦ የተጻፈ መሆኑም ጥራቱን አይቀንሰውም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በሥራ ላይ ባሉት ዳኛ ፊት ቀርቤ፣ የቀድሞው ምስክር ወረቀቴ ሐሰት መሆኑን በቃለ መሐላ አረጋግጫለሁ። ክሌቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣልኝ፣ አምስት ፊርማ ያለበት ወረቀትም ሠላሳ አንድ ዓመት ከተኛበት መሳቢያዬ ወጥቶ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። ግልባጩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። ስለዚህ ኢንጂነር ዊልፍሪዶ ጁላይ ሃያ ስምንት የሚያፈርሱት፣ ክቡርነትዎ እንዳይፈርስ በፊርማዎ የከለከሉትን ግቢ ነው።

ሐሰተኛ ሰነድ በመስጠቴ ክስ ሊመሠረትብኝ እንደሚችል የሕግ አማካሪዎ እንደሚያስታውሱዎት አልጠራጠርም። ይገባኛል። የክሱን ረቂቅ በማዘጋጀት እንዳይደክሙ ራሴ አዘጋጅቼ ለጽሕፈት ቤትዎ ልኬያለሁ፤ የቀረው የክቡርነትዎ ፊርማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በእኔ ጥፋት የሚቀጣው እኔ እንድሆን፣ ሳህን ያጠበችው ሴት ግን ከቤቷ እንዳትወጣ፣ ይህን ብቻ ያለ ምንም ቀልድ እለምንዎታለሁ።

ለወዳጅነት ያለዎት ፍቅር ወዳጆችን ሳያፈናቅል እንዲሰፋ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ማኅተም በሌለው፣ በዚህም ምክንያት ከቀድሞው ይልቅ ሊታመን በሚችለው ፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ሄርሚኒዮ አልካራስ
ጡረታ የወጣ ዳኛ
ፖርቶ ሳን ቤኒልዶ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ጁላይ ሃያ ስምንት ቡልዶዘሩ በሚደርስበት ሰዓት እኔና ከሰፈሩ ሰዎች መምጣት የቻልነው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቁርስ ላይ እንሆናለን። ዶኛ ሩሚልዳ ለክቡርነትዎ፣ ለኢንጂነሩና ለሹፌሩም ምግብ እንደምታዘጋጅ እንድጽፍልዎ አዛኛለች። በሕግ ባለሙያነቴ ይህ ትክክል አይደለም ብዬ መክሬያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ዓሣው እንዳያንሳት ሊያፈርሷት የሚመጡት ስንት ሰዎች እንደሆኑ እስከ እሑድ ድረስ እንዲያሳውቋት ትጠይቃለች።