አሥራ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ

ውድ አሳምነው፣

«ጋሼ» ብዬ ልጀምር ነበር። እጄ እምቢ አለ።

ምሳ ሰዓቴ ነው። ከምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ፊት ለፊት፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ስልኬ ላይ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰላ ገጽ ተከፍቷል። ከሚኒያፖሊስ አዲስ አበባ፣ በቀጥታ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር። ወፍ ብሆን። ወፍ ስላልሆንኩ አንድ ቦታ አርፌ፣ አውሮፕላን ቀይሬ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት። በየቀኑ አሰላዋለሁ። መልሱ እንዳይለወጥብኝ የምፈራ ይመስል።

መርዶው የደረሰኝ በዘጠነኛው ቀን ነው። ሚኒያፖሊስ ዳር፣ ብሩክሊን ሴንተር ካለው ቤቴ፣ ማለዳ፣ ለሥራ ስወጣ። ደጃፌ ላይ አራት መኪና ቆሟል። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሰረቀብርሃን ቀደሙ።

«ሮሚ ልጄ፣ እስቲ ግቢና ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። መቼ?»

ማን አላልኩም።

«አይ ልጄ፣ ከመቼው ምን አለሽ...»

«መቼ ነው ያልኩት፣ ጋሽዬ?»

መሬት መሬት እያዩ፣ «ባለፈው ሳምንት ሐሙስ» አሉ።

መርዶውን ሰምቼ ስደውልልህ ምን አልከኝ?

«አየር ላይ ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብዬ ነው። ደግሞስ የት ትደርሺ ነበር?»

«አስልተኸው ነው?»

«ምኑ ይሰላል? አሜሪካ እኮ ነው ያለሽው!»

ይሰላል። ሰኞ በእናንተ ቀትር ላይ ሐኪሙ «ቤተሰብ ይሰብሰብ» አለህ። ከአራት ሰዓት በኋላ፣ እዚህ ገና ጧት ሳለ ስደውል፣ «ጉንፋን ቢጤ ነው፣ ተኝታለች» አልከኝ። በዚያው ዕለት በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከዚህ ብነሣ ኖሮ፣ ማክሰኞ በእናንተ አሥራ አንድ ሰዓት ቦሌ ነበርኩ። እማዬ ያረፈችው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው። ሠላሳ ስድስት ሰዓት። ሁለቱን ለመንገዱ መጨናነቅ ልተውልህ። ማክሰኞ እኔ እዚህ የሰው እናት ገላ አጥብ ነበር።

ይህን እንኳ ይቅር ልልህ እችል ነበር። እንዲያ ይመስለኛል። ግን የአክስታችን ልጅ ኢየሩሳሌም አልጋው አጠገብ ነበረች፤ ከብዙ ወራት ዝምታ በኋላ ባለፈው እሑድ ነገረችኝ። እማዬ ረቡዕ ዕለት ሁለት ጊዜ «ሮሚ የት ደረሰች?» ብላ ጠየቀች። አንተም «መንገድ ላይ ናት» አልካት።

በየትኛው አውሮፕላን፣ አሳምነው?

እኔ ያልተሳፈርኩበት አውሮፕላን እስኪያርፍ በሩን እያየች ሞተች። የዘገየሁባት እኔ ነኝ። እንደዚያ አድርገህ ሸኘሃት።

ለሙት ዓመቷ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሰው በልቶ ሲያበቃ ድንኳኑ መሐል እቆምና ሰዓቶቹን አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ ያልካትንም። «እናቱን እንዲህ ያስታመመ ልጅ የት አለ!» እያሉ የመረቁህ ሁሉ ይስሙ። አንተም እዚያው ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።

አንድ ነገር ብቻ እፈራለሁ። ፊትህ ቁርጥ የእሷ ነው። ሳይህ አንገትህ ላይ ወድቄ አልቅሼ፣ ሁሉንም ልረሳው እችላለሁ። ስለዚህ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለኢየሩሳሌም ልኬላታለሁ። እኔ ካቃተኝ እሷ ታነበዋለች። ብለምናት እንኳ እንዳትተው አስምያታለሁ።

እስክንገናኝ እንቅልፍ አይውሰድህ።

ሮማነወርቅ