የሚያጉረመርመው ሳጥን

ጥር 6
አንድ ጥንድ ስፒከር ጨረስን። ወንድሜ ሳጥኑን ይሠራል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ሙዚቃ ከፍቼ ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ሲወርድ የግራው ሳጥን ጎኑ አጉረመረመ። መጮህ የስፒከሩ ነው፤ የሳጥን ሥራው ዝም ማለት!
«የውስጡን ደጋፊ እንጨት ረስተሃል?»
«እትዬ ሙች! ይኸው፣ በባትሪ እዪው።»
ስፒከሩን ፈታሁና በቀዳዳው አጮለቅሁ። እንጨቱ አለ። ታዲያ የሰማሁት ምንድን ነው?

ጥር 11
ሌላ ጥንድ... ያው ማጉረምረም። «ጆሮሽ ነው እትዬ፣ ዕድሜም አለ እኮ» ብሎ አቀፈኝ። የጆሮ ጠብታ ራሱ ገዝቶ መጣ፣ ራሱ አንጠባጠበልኝ። አንጀቴን በላኝ።

ጥር 19
የማዳመጫ ወንበሬን ለቀቅሁለት። እናታችን ስትሞት ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። ያሳደግሁት እኔ፣ ሳጥን አንኳኩቶ መስማት ያስተማርኩት እኔ። አሁን እሱ ያዳምጣል፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጥር 24
ጆሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እጫናለሁ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ሳቀች። «የእርስዎ ጆሮ ከእኔ ይሻላል!»
ታዲያ...?

ጥር 25
ወንድሜ ዕቃ ሊያደርስ ወጣ። ከሚያጉረመርሙት የአንዱን ሳጥን ጀርባ በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁት። ደጋፊውም አብሮ ወጣ! የግራና የቀኙን ጎን አጥብቆ መያዝ ነበረበት። ይሄ ግን አጭር ቁራጭ ነው፤ ጀርባው ላይ ብቻ ተለጥፎ፣ ማጠሩ እንዳይታይ ጫፍና ጫፉ በጥጥ ተሸፍኗል። በቀዳዳው ሳጮልቅ ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያው። የት እንደማይ ከእሱ በቀር ማን ያውቃል?

ጥር 26
ቁራጩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ለምን? አልኩት።
«እሱን ለክቶ ማስገባት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደንበኛ እንደሆነ አይለየውም። የምትሰሚው አንቺ ብቻ ነሽ።»
ያውቅ ነበር! ጠብታውን ሲያንጠባጥብልኝ፣ «እትዬ ሙች» እያለ ሲምል... እንደምሰማ ያውቅ ነበር። ከዳኝ። ሌላ ቃል የለኝም። ከቤቴ ውጣ አልኩት።

የካቲት 9
የተሸጡትን አስመልሼ እየከፈትኩ ነው። ዛሬ የመጀመሪያውን ጨረስኩ፣ ደጋፊውን ራሴ ለክቼ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ባሱ ወረደ። ሳጥኑ ጎን ላይ መዳፌን አሳረፍኩ... ንዝረት የለም። ጸጥ።
ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ወንድሜ ነው።
«እትዬ ሙች፣ ናፍቀሽኛል።»
ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን ግን... መለየት አቃተኝ።