በረንዳን ዝጋ ሲሉት በረዶን ለዘጋው መሣሪያ መራጭ

ለተከበሩ የዋናው መሥሪያ ቤት የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎ ደህና፣ እንቅልፍዎ ጥልቅ፣ ስልክዎም እንደ ወትሮው ዝግ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአይስክሬም ፋብሪካችሁ የሰርቨር ሠራተኛ ነኝ። በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት ሰርቨሮቻችንን የሚያስተዳድረውን መሣሪያ ራስዎ መርጠው ስለላኩልን፣ በተለይም «የታወቁ ውስንነቶችና መላዎቻቸው» የሚል ዳጎስ ያለ መመሪያ ስላከሉበት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፦ መሣሪያው የሰርቨር ስም ሲጻፍለት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ አንብቦ የቀረውን በራሱ ይገምታል። እኛ ደግሞ የግቢውን ድምፅ ማጉያ የሚያዘውን ሰርቨር «በረንዳ»፣ ማቀዝቀዣ ክፍሉን የሚያዘውን «በረዶ» ብለነው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ድምፅ ማጉያው አልዘጋ ብሎ ቢጮህብን፣ በረንዳን እንዲያጠፋልኝ በትሕትና ጻፍኩለት። እሱም «ተሳክቷል» አለኝ። ድምፅ ማጉያው ጩኸቱን ቀጠለ፤ ዝም ያለው ማቀዝቀዣው ነበር። መመሪያዎ ለዚህ ያስቀመጠው መላ «ስም ሲያወጡ አስቀድመው ያስቡ» የሚል በመሆኑ፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናትና ምክርዎ በከንቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፦ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አያስተናግድም። ስሕተቱን ላርም ተመልሼ ስገባ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል፤ ያ ሰው እርስዎ ነበሩ። ብደውል፣ መስኮቱን ክፍት ትተው ስለዚሁ መሣሪያ ምቹነት ሥልጠና ሊሰጡ መሄድዎን ጸሐፊዎ በኩራት ነገረችኝ። መመሪያው «ተጠቃሚው እስኪወጣ በትዕግሥት ይጠብቁ» ይላል። እኔ ትዕግሥት አላነሰኝም፤ አይስክሬሙ ግን ሥልጠናውን አልወሰደም።

ሦስተኛ፦ የማቀዝቀዣው ክፍል በር የሚከፈተው በመሣሪያው ብቻ ሲሆን፣ ማቀዝቀዣውን በእጅ ማስነሻው ደግሞ የሚገኘው ከበሩ ወዲያ ነው። ይህን ያሰበውን ሰው እጁን ልስመው እፈልጋለሁ። እኩለ ቀን ሲያልፍ፣ ለማግስቱ የጎረቤት ትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል የተዘጋጀው አይስክሬም በበሩ ሥር ወደ ኮሪደሩ መፍሰስ ጀመረ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የማቀዝቀዣ ክፍሉ ኃላፊ ጫማቸውን አውልቀው፣ እንባቸው ቅርር ብሎ፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ይከፍተዋል ወይስ በትከሻዬ ልግባበት?» አሉኝ።

ከሥራ መባረሬን ተቀብዬ፣ መመሪያው መጨረሻ ላይ ያለውን መላ ሞከርኩ፦ ሁሉንም ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት። የግቢው በሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ብርግድ አሉ። በአስቸኳይ ስብሰባ ላይ የነበሩት ሥራ አስኪያጃችን ስብሰባውን ከትራሳቸው ጋር ሲያካሂዱ ታዩ። ድምፅ ማጉያውም አርፎ ዝም አለ።

ማቀዝቀዣው ተነሣ፤ አይስክሬሙን ለነገ ማድረስ ግን አልቻለም። ይኼኔ እትዬ ለርእሰ መምህሯ ደውለው «ነገ ያልነው ቀርቷል፤ ልጆቹን አሁኑኑ ከነኩባያቸው ላኪልኝ!» አሏት። ልጆቹ እየሮጡ መጡ። ጥበቃው በጭልፋ ቀዳ፣ ሒሳብ ሹማችን የቶንሲላቸውን ነገር ረስተው ደጋግመው ተሰለፉ፣ ሥራ አስኪያጁም ትራሳቸውን ደብቀው ኩባያ ይዘው ወጡ። እትዬ አገጫቸው ድረስ ቫኒላ ተቀብተው ሲስቁ፣ እኔን ማባረር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ይህን ግብዣ ያለ እርስዎ አመራር ማን ያሰናዳው ነበር?

ውለታዎን የምከፍልበት አጥቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ከተጣበቀው ጫማዬ ጋር በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የሰርቨር ሠራተኛው

ማሳሰቢያ፦ ወደ ላቀ ኃላፊነት መዛወርዎን ሰምተን እጅግ ደስ ብሎናል። አዲሱ ክፍልዎ የእሳት አደጋ መከላከያ መሆኑን ስንሰማ ግን፣ ሠራተኛው በሙሉ ባልዲ ገዝቷል።